የቡድን አራት ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ሐሙስ። ቦታ፦ ከአቃቂ ወዲያ፣ ኮንዶሚኒየሙ ካለቀበት፣
የመጨረሻው ታክሲ ዞሮ ከሚመለስበት።
የተገኙ፦ አምስት። ያረፈደ፦ ኢዮስያስ፣ እንደ ልማዱ።
ጸሐፊ፦ እኔ፤ ጽሕፈቴ ስላማረ እንጂ መች ገባኝና ጉዱ።

መምህር ወንድይራድ ያስተማሩን የለም፤ የሰጡን ወረቀት፣
በላዩ አንዲት መስመር፣ አንዲት የሰው ጭንቀት፦
«የኦቦ ዲንሳ ቆስጣ በሦስተኛው ሳምንት ለምን ይጠወልጋል?»
ከታች ፊርማ። በቃ። «ቀሪውን» አሉን፣ «መሬቱ ይናገራል።»

ክፍል ውስጥ ሳለን ሁላችንም ሊቅ ነበርን፤
ሙዘይን «ናይትሮጅን» አለ፣ ትርሲት «ክሽክሽ ነው» ብላ በሥዕል አስረዳችን።
«ወንዙ ነው!» አለ ኢዮስያስ፤ «ቆዳ ፋብሪካው ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል?»
ጠረጴዛ መታ። ጠረጴዛ መምታት ለቆስጣ ምን ያደርግለታል?
ውድነሽ ዝም አለች። ከስሟ ጎን
«አስተያየት የላትም» ብዬ ጽፌ አለፍን።

ማሳው ደረስን። ጭቃው ጫማ ያወልቃል፤ ኮቲቻ ነው፣ ጥቁር፣
ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲረጥብ እንደ አበዳሪ እግር ይዞ የማይለቅ ምድር።
ኦቦ ዲንሳ ቆመው አዩን፤ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፉ፦
«ባለፈውም እናንተን የሚያካክሉ መጥተው፣ አፈሬን በፌስታል ወስደው ጠፉ።»
ይህን ጻፍኩት። ሙዘይን «ይሄ ዳታ አይደለም» አለኝ።
ቢሆንም ጻፍኩት፤ እጄ አልታዘዘኝ።

በተራ ቆፈርን። ክንድ ያህል ስንዘልቅ
ሽታው ቀድሞን ወጣ፣ የገማ እንቁላል፤ ሥሩ ቡኒ፣ ሲነኩት የሚላቀቅ።
«ናይትሮጅን አይደለም» አለ ሙዘይን፣ ቀስ ብሎ፤ «ሰምጦ ነው።»
ተክልም ይሰምጣል ለካ፤ ላዩ ፀሐይ፣ ታቹ ኩሬ ነው።

ያኔ ነው ውድነሽ፣ ያቺ «አስተያየት የላትም» ያልኳት፣
ሱሪዋን ሰብስባ፣ በባዶ እግሯ ቦዩን ተከትላ ስትሄድ ያየናት።
አባቷ የውኃ ቱቦ ቀባሪ ናቸው፤ ሦስት ዓመት አብረን ስንማር አልሰማንም፤
ውኃ ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ፣ ከሷ በቀር፣ አንዳችንም አልጠየቅንም።
ከአዲሱ አስፋልት ሥር ጎንበስ ብላ ጠራችን፦ «ኑ፣ እዩት ቱቦውን!»
የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የሲሚንቶ ከረጢት፣ አንድ የልጅ ጫማ፣ ደፍነውታል አፉን።

አወጣን። እስከ ማምሻ አወጣን። ውኃው መጀመሪያ አመነታ፤
ከዚያ ደወል እንደሰማ ተማሪ ወጣ፣ በግፊያ፣ በጫጫታ።

እያጨበጨብን ሳለ ኦቦ ዲንሳ ከኪሳቸው ወረቀት አወጡ፣ በአራት የታጠፈ፣
ማኅተም ያረፈበት፣ ጠርዙ በላብ የረገፈ።
«ቦታው ለልማት ስለሚፈለግ ከሰኔ በፊት ይልቀቁ» ይላል።
«ለምን አልነገሩንም?» አለች ትርሲት።
«ስለ ቆስጣ ጠየቃችሁኝ፤ ላልተጠየቀ ማን ይመልሳል?»

ዝም ተባለ። በቃለ ጉባኤ ዝምታ አይመዘገብም፤ እኔ መዘገብኩ፣
ሁለት ደቂቃ ገደማ። ያቺን የውድነሽን መስመርም ሰረዝኩ።

ማታ ታክሲ ውስጥ ተጨቃጨቅን። ሙዘይን፦ «ከርዕሱ ውጭ ነው፤ ውጤት ያስቀንሳል።»
ትርሲት፦ «ርዕሱ እሱ ነው!» ረዳቱ መሀል ገብቶ «ሒሳብ!» ይላል።
ኢዮስያስ፣ ያ ጠረጴዛ መቺ፣ ጭቃ የደረቀበት እጁን አጥፎ
«አላውቅም» አለ፤ ዐይኑ ከመስኮቱ ማዶ፣ ክሬኖቹ ላይ አርፎ።

ውሳኔ፦ ቱቦው ተጠርጓል፤ ጠባቂ ግን የለውም።
መምህሩ ለጠየቁን መልስ አለን፤ ለወረቀቱ የለንም።
እንመለሳለን፤ አፈር ይዘን አንጠፋም።

ቀጣይ ስብሰባ፦ ቅዳሜ ጠዋት፣ ማሳው ዳር።
ሰብሳቢ፦ ውድነሽ።
አጀንዳውን ባዶ ትቼዋለሁ፤
የሚሞላው የማሳው ባለቤት ነው፣ ሲናገር።